የአእምሮ ህክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሰው ድጋፍ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2008 የጀመረው የአእምሮ ጤና አገልግሎት ክፍተትን የማጥበብ መርሐ ግብር፣ በጥናት የተረጋገጠ የአእምሮ ህመምና የሱስ ህክምና ከልዩ ሆስፒታሎች ውጭ እንዲዳረስ ያለመ ነው። እ.ኤ.አ በ2010 የወጣው መመሪያም የዘርፉ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች እንዲጠቀሙበት የተዘጋጀ ነው።

ይሁንና መመሪያ ማሰራጨት ብቻውን ህክምናን አያስፋፋም። ይህ በጉራጌ አካባቢ በምትገኘው ሶዶ ወረዳ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት አገሮች በተካሄደው ፕራይም በተሰኘው ፕሮጀክት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል ከጤና ቢሮዎች ጋር በመሆን የወረዳውን የጤና ባለሙያዎች አሠልጥኗል፤ ሥራቸውንም በክትትል ደግፏል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ከባድ የአእምሮ ህመም ባለባቸው 329 ሰዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ህክምና የአእምሮ ህክምና ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አመልክቷል።

የድብርት ጉዳይ ግን የተለየ ነው። በሶዶ ከሥልጠናው በኋላም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ከመጡት የድብርት ህሙማን አብዛኞቹ ሳይለዩ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ስለ ራስ ምታትና ስለ ድካም እንጂ ስለ ኀዘናቸው አይናገሩም። በመሆኑም ለአንድ ጊዜ ሥልጠና ብቻ በጀት የሚይዝ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የመድኃኒት አቅርቦቱንና በቦታው የሚደረገውን ክትትልም በዕቅዱ ማካተት ይኖርበታል።