ስለ ላሊበላ ከተማ የቤት ቦታና ጉርብትና

ንጉሥ ላሊበላ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ከአንድ ዓለት ተፈልፍለው በወጡት አብያተ ክርስቲያናት ነው። ለታሪክ መርማሪዎች ግን ስለ ንጉሡ ከሚታመኑት ምስክሮች ዋነኛው የተገኘው ከድንጋይ ሳይሆን ከብራና ነው፤ ይኸውም በሽመዛና በሚገኘው በደብረ ሊባኖስ ገዳም የወርቅ ወንጌል ውስጥ የተጻፈው የመሬት ስጦታ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1204 እና በ1225 የተደረጉት እነዚህ ስጦታዎች ንጉሡ ለቤተ ክርስቲያን መሬት መስጠቱንና የሰጠውንም ማንም እንዳይነካ መከልከሉን ያስረዳሉ። እንግዲህ በስሙ የምትጠራውን ከተማ ታሪክ ከመሬት ይዞታ አንሥቶ መመርመር ከነገሩ መራቅ አይደለም። ከተማዪቱ ስትኖር የኖረችው በአንድ ጥያቄ ላይ ነውና፤ ከቅዱሱ ስፍራ አጠገብ የሚቀመጠው ማን ነው? የሚቀመጠውስ በምን መብት ነው?

ቀድሞ ሮሐ ትባል የነበረችው ይህች ትንሽ ከተማ በላስታ ተራሮች መካከል ፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከበላይዋ የአሸተን ተራራ ፥ ከዚያም ባሻገር ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው አቡነ ዮሴፍ ይታያል። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ዮርዳኖስ በሚባለው ፈፋ ወዲህና ወዲያ በሁለት ወገን ተከፍለው ሲገኙ ፥ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ተለይቶ ቆሟል። በሌላው አገር ቤተ ክርስቲያን በኮረብታ ራስ ላይ በዛፍ ተከቦ ይሠራል ፥ መንደሩም ከሥሩ ይሰፍራል። በላሊበላ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ታቦቱ በተፈለፈለው ዓለት ውስጥ ከምድር በታች ሲያድር ፥ ሰው ከበላዩ በዳገቱ ላይ ይኖራል፤ ጎረቤቱም በደጃፉ ቆሞ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ቁልቁል ይመለከታል። የቅዳሴው ድምፅ ከጕድጓዱ ወደ ላይ ይወጣል ፥ የመንደሩ ጭስና የልጆች ጩኸት ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ መቀራረብ ለነዋሪው ክብሩም ሀብቱም ነበረ። በኋላ ዘመን ደግሞ ለመነሣቱ ምክንያት ሆነ።

የጥንቱ የላስታ ቤት ክብ ሆኖ ከአገሩ ቀይ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ ይገነባል ፥ ክዳኑም ሣር ነው። ብዙዎቹ ባለ ደርብ ናቸው። ወደ ላይ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ በውጭ በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ ይሠራል፤ ምድር ቤቱ ለከብትና ለዕቃ ፥ ደርቡ ለሰው መኖሪያ ይሆናል። ቦታው ዳገት ስለ ሆነ ጠፍጣፋ መሬት ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ባለ ቤቱ ግቢውን ከማስፋት ይልቅ ቤቱን ወደ ላይ ማሳደግ ይቀለዋል። እንዲህ ያለውን ቤት ከእንጨትና ከጭቃ ከሚሠራው ጋር የሚያስተያይ ሰው የላስታን ግንበኛ ማመስገኑ አይቀርም። ይሁን እንጂ የድንጋይ ቤትም ቢሆን የሰው እጅ ካልተለየው ነው የሚቆየው። ሣሩ በየጊዜው ካልተለወጠ ዝናቡ በጭቃው መካከል ገብቶ ግድግዳውን ያላላዋል።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት የነበረውን የይዞታ ሥርዓት ለመረዳት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። በገጠሩ ያለው ገበሬ መሬቱን የሚይዘው በርስት ነበር። ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት መወለድን በእናትም ሆነ በአባት ወገን ቈጥሮ ፥ ድርሻን ከዘመድ ጋር ተካፍሎ መያዝ ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት የተነገረው በዚህ ምክንያት ነው። የቤተ ክርስቲያን መሬት ግን የሚያዘው በአገልግሎት ነበር። ካህኑ ይቀድስበታል ፥ ደብተራው ማኅሌት ይቆምበታል ፥ ዲያቆኑ ይላላክበታል። በሰሜኑ አገር እንደ ተለመደው ባለ መሬቱ ራሱ ማገልገል ባይችል ወይም ሴት ብትሆን ፥ በስፍራው የሚያገለግል ወኪል አቁሞ መሬቱን ይዞ መቀመጥ ይቻላል። ልጁ የአባቱን አገልግሎት ከተማረና ከተካ መሬቱ በቤተ ዘመድ ውስጥ ይቆያል፤ የሚተካ ከጠፋ ወደ ደብሩ ይመለሳል። በጐንደር ዘመን የተጻፉ የአብያተ ክርስቲያናት መዝገቦች እንደሚያሳዩት ፥ እንዲህ ያለው መሬት ሲሸጥ እንኳ የአገልግሎቱ ግዴታ ከመሬቱ ጋር ወደ ገዢው ይተላለፍ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ፍሬ ነገር ግልጥ ነው። በደብር ዙሪያ ያለ የቤት ቦታ ዋጋው በክንድ ወይም በገመድ ብቻ የሚለካ አልነበረም፤ የሚለካው ከታቦቱ ባለው ርቀትና ነዋሪው ለታቦቱ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ይህም የክብር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል የኑሮውን ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል። ማኅሌት በሌሊት ይቆማል ፥ ኪዳኑ ሳይነጋ ይደርሳል። መብራት በሌለበት ዘመን በገደልና በፈፋ መካከል ሩቅ መንገድ ሄዶ በሰዓቱ መገኘት አስቸጋሪ ስለ ነበረ ፥ ካህናቱ በአጠገቡ መኖራቸው ለአገልግሎቱ መሠረት ነበር። ከቦታዎች ሁሉ የማይሸጠውና የማይለወጠው ደግሞ በአብያተ ክርስቲያናቱ አጥር ግንብ ውስጥ የተፈለፈለው የባሕታውያን ዋሻ ነው። አንድ ሰው ተኮማትሮ የሚቀመጥበት ይህ ጕድጓድ ለአንዳንዱ በሕይወቱ ቤት ፥ ከሞተም በኋላ መቃብር ሆኖለታል።

ጉርብትናውም በዚሁ መቀራረብ ላይ የተመሠረተ ነው። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ማኅበርተኞች ተራ የደረሰው ያመጣውን ጠላና ዳቦ በአንድነት ይቀምሳሉ። የጽዋው ማኅበር በወር በወሩ በጻድቁ ወይም በመልአኩ ቀን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በዚያ ላይ የታመመ ይጠየቃል ፥ የተጣላ ይታረቃል ፥ ልጁን የሚድር ሰው ስለ ድግሱ ከወዳጆቹ ጋር ይመካከራል። እድር እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ በኋላ ዘመን መጣ፤ ሥራውም ሰው ሲሞት ድንኳን መትከልና ሐዘንተኛውን መርዳት ስለ ሆነ የሚጸናው አባሎቹ በአንድ መንደር ሲኖሩ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል በእንዲህ ያለች ከተማ ከምክር ይልቅ የዕለት ኑሮን መግለጫ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ግን ጉርብትናው ከከተማዪቱ ሰዎች አልፎ ይሰፋል። የገና በዓል የንጉሡም የልደቱ ቀን ሆኖ ስለሚከበር ምእመናን ከየአገሩ ፥ ብዙዎቹ ለቀናት በእግራቸው ተጕዘው ይመጣሉ። የመንገደኞቹን እግር ማጠብና ማሳደር የቆየ ልማድ ነው። በበዓሉ ጧት ካህናቱ ከፊሉ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ማሜ ጋራ ከሚባለው ዓለት ላይ ፥ ከፊሉ ከበታች ቆመው ቤዛ ኩሉን ይዘምራሉ፤ ላይኞቹ በመላእክት ፥ ታችኞቹ በእረኞች ይመሰላሉ። በእነዚያ ቀኖች በከተማዪቱ ያለ ቤት ሁሉ ግማሹ የባለቤቱ ፥ ግማሹ የእግዜር እንግዳ ነው። ለእንግዳው ማደሪያ ኪራይ መጠየቅ በቀድሞው ዘመን እንደ ነውር ይቈጠር የነበረው ስለዚህ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች ይህን ሥርዓት ከሥሩ ለወጡት። አዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ርስቱም ጉልቱም የደብሩም መሬት በአንድነት ቀረ። በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ወረሰ። በዚህ አዋጅ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም እስከ 500 ካሬ ሜትር ተወሰነ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ ተላለፉ። የገጠሩ አዋጅ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት መሆኑ አይካድም። ለደብር ከተማ ግን የተለየ ውጤት ነበረው። ካህኑ ቤቱ ቀረለት ፥ ቤቱን ከአገልግሎቱ ጋር ያያይዘው የነበረው ውል ግን ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ካህኑ በቤቱ የሚቀመጠው አገልጋይ ስለ ሆነ ሳይሆን የቀበሌው ነዋሪ ስለ ሆነ ነው። የሚያስገርመው የሕጉ መሠረት ተለውጦ ሳለ የሰዎቹ አቀማመጥ ብዙ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው፤ ልማድ ያለ ሕግም ሰውን በቦታው አጽንቶ ለብዙ ዓመታት አቈየ።

ሌላው ለውጥ የመጣው በጕብኝት በኩል ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1966 ጀምሮ በውጭ አገር ርዳታ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲታደሱ ፥ በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ጋር ተመዘገቡ። ከዚህ በኋላ ለነዋሪው ስለ ቦታ ያለው አሳብ ቀስ በቀስ ተለወጠ። አብያተ ክርስቲያናቱን የምታሳይ መስኮት ፥ ለእንግዳ ማረፊያ ቤት የሚሆን ገደል አፋፍ ገንዘብ የሚያወጣ ነገር ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ ቢያጸናም ፥ ቤት ግን ይሸጣል። በዚህም ምክንያት በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ እንደሚታየው ፥ በውሉ ላይ የሚጻፈው የቤት ዋጋ ቢሆንም ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው በእርግጥ ለቦታው ነው። ቀድሞ በአገልግሎት ይለካ የነበረው ቅርበት አሁን በብር መለካት ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መንገዱን ሲዘጋ ፥ ቀጥሎም ጦርነቱ ወደ ላስታ ሲደርስ ፥ ኑሮአቸውን በእንግዳ ማረፊያ ላይ የመሠረቱት ሰዎች ይህ መለኪያ ምን ያህል ተለዋዋጭ እንደ ሆነ በመከራ አዩት።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩት ነዋሪዎች መነሣት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 በጸደቀው ፥ በዓለም ባንክ ገንዘብ በተደገፈው የቱሪዝም ልማት ሥራ መሠረት ፥ ለዓለቱ ቅርብ የነበሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ከቅጥሩ ርቆ ወደ ተሰናዳ አዲስ ሰፈር ተዛወሩ። የውሳኔው ምክንያት ከንቱ አልነበረም። የመንደሩ ፍሳሽና መጸዳጃ ወደ ዓለቱ መጠጋቱ ፥ የቤቶቹም መጨናነቅ ለቅርሱ ያሠጋ ነበር። ጥያቄ የሚያስነሣው ካሣው በምን እንደ ታሰበ ነው። በጊዜው ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቍጥር 455/1997 ካሣ የሚከፍለው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ፥ ይኸውም ለቤቱና በቦታው ላይ ለተደረገው ማሻሻል ሲሆን ፥ ለመሬቱ ለራሱ ዋጋ አይከፍልም፤ ለከተማ ነዋሪ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። ገማቹ ግድግዳውን ይለካል ፥ የክዳኑን ዓይነት ይመዘግባል ፥ ዛፉን ይቈጥራል። በዚህ ሒሳብ አዲሱ ቦታ ከአሮጌው ሊሰፋና ሊሻል ይችላል። ነገር ግን ደወል የሚሰማበት ርቀት ፥ የሰንበቴው ተራ ፥ ሌሊት ለማኅሌት የሚወጣ ሽማግሌ እግር የሚችለው መንገድ በቅጹ ላይ መስመር የላቸውም። ደብሩ በጥንት ዘመን ቦታ ሲሰጥ በመጀመሪያ የሚያስበው እነዚህን ነበር። በቀደመው ሥርዓት ዋናው ሀብት የነበረው ነገር በአዲሱ ሒሳብ ውስጥ ጨርሶ ሳይገባ ቀረ ማለት ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላም አለ። በዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ላሊበላ የሰፈረው መግለጫ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር በአጠገባቸው ያሉትን ባለ ሁለት ደርብ ክብ የቀይ ድንጋይ ቤቶችም ይጠቅሳል። ስለዚህ መንደሩ ሲነሣ የእንጨትና የጭቃው ቤት ሲፈርስ ፥ የድንጋዩ ቤት እንደ ቅርስ እንዲቆም ተደረገ። ቤቱ ቀረ ፥ ባለቤቱ ሄደ። ሰው ሲኖርበት ክዳኑን የሚያድስ ፥ የላላውን ድንጋይ የሚመልስ ፥ ከምድጃው በሚወጣው ጭስ ሣሩን ከምስጥ የሚጠብቅ ነበረው። አሁን ይህን ሥራ ለመሥራት በጀትና ኮሚቴ ያስፈልጋል ፥ እነርሱም እንደ ክረምቱ በሰዓታቸው አይመጡም። ባዶ ከቀሩት ቤቶች መካከል ጣራቸው የተራቈተና ግድግዳቸው የተሰነጠቀ የታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

የተዛወሩት ሰዎች ከታቦቱ አልተለዩም። በአዲሱ ሰፈር የሚኖረው ካህን ሰሞኑ ሲደርስ ከሌሊቱ ቀድሞ ተነሥቶ በመንገዱ ይመጣል፤ የጽዋው ማኅበርም ከፊሉ በአሮጌው ወገን ፥ ከፊሉ በአዲሱ ወገን ስለ ሆነ ተራው በደረሰ ጊዜ ጠላው በትከሻ ዳገቱን ይሻገራል። በታኅሣሥ 28 ማታ መንገደኛው ከየአቅጣጫው ሲደርስ ፥ ለዓለቱ ቅርብ በነበሩት ደጃፎች እግሩን የሚያጥብለት ጎረቤት ስለሌለ ፥ ሌሊቱን በሜዳውና በድንጋዩ ቤቶች ጥግ ጋቢውን ተከናንቦ ያሳልፋል።