ጨሌን ማን ያስተምር?

«ጨሌ» ሲባል እኛ የከተማ ልጆች መጀመሪያ ትዝ የሚለን ጌጥ አይደለም። ትዝ የሚለን በሙዳይ ተደብቆ የኖረ፣ ከአያት ወደ እናት የወረደ፣ ኋላም «ባዕድ አምልኮ ነው» ተብሎ የተጣለ ወይም የተቃጠለ ዕቃ ነው። ያው ጨሌ ጉትቻ ሆኖ ከስጦታ ዕቃ መሸጫ ሲገዛ ግን ስሙ «ዶቃ» ይሆናል፤ ደስ ብሎን እናደርገዋለን። ዛሬ የዶቃ ጌጥ ሥራ ለተማሪ የሚሰጥ የእጅ ሙያ ሆኗል። መልካም ነው። ግን ይህን ሙያ ድሮስ ማን ለማን ነበር የሚያስተምረው? እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ሙያው ከመስታወት ይቀድማል። ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠሩ ዶቃዎችን ያወዳደረና እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወጣ አንድ ጥናት፣ የዛሬ 50 ሺህ ዓመት ገደማ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ተመሳሳይ ዶቃ ይሠራ እንደነበር አሳይቷል። ቅርፊቱን ሰብሮ፣ በስቶ፣ ዙሪያውን ሞርዶ ማክበብ አንዱ ከሌላው አይቶ የሚለምደው ሥራ ነው። ማስተማሩ ከሙያው እኩል ያረጀ ነው ማለት ነው።

የመስታወቱ ዶቃ ወደኛ የመጣው በባሕር ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት የመስታወት ጌጥ ይጠቅሳል። ከአክሱም መቃብሮችም የመስታወት ዶቃ በቁፋሮ ወጥቷል።

በኋለኞቹ ዘመናት የገበያው ንግሥት ቬኒስ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1291 የመስታወት ምድጃዎቿን ሰብስባ ወደ ሙራኖ ደሴት አዛወረች። አንደኛው ምክንያት የእሳት አደጋ ነበር፤ ምስጢሩን መጠበቅም እንዲሁ። ባለሙያው ሙያውን ይዞ አገር ጥሎ እንዳይወጣ በሕግ ተከለከለ። ዶቃውን በክር የሚሰኩት ግን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ድሃ ሴቶች ነበሩ። ለምስጢሩ ያን ያህል የተጨነቀ ገበያ ለእነሱ ድካም አልተጨነቀም፤ በ1904 እ.ኤ.አ. ክፍያችን አነሰ ብለው ሥራ አቆሙ።

ቦሄሚያ፣ የዛሬዋ ቼክ፣ ሌላ መንገድ ያዘች። ያብሎኔትስ በምትባለው ከተማ በ1880 እ.ኤ.አ. የጌጣጌጥና የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሙያው የአባት ውርስ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በወንበር የሚማሩት ሆነ። የዚያ አገር ዶቃ አፍሪካ ገበያ ውስጥ ከቬኒስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፋ። ትምህርት ቤቱም ዛሬ ድረስ አለ።

እኛስ? እኛ መስታወቱን ከውጭ ገዛን። «ታዲያ ምኑ ነው የኛ?» የሚል አይጠፋም። የማርያ ቴሬዛ ብርም ከቪየና ነው የመጣው፤ አንጥረኞቻችን አቅልጠው መስቀል ሲያደርጉት ግን «የኦስትሪያ መስቀል» ያለው የለም። በአርሲ፣ በቦረና፣ በሐመር የትኛው ቀለም ከየትኛው እንደሚቀጥል የወሰኑት የዶቃው ነጋዴዎች አይደሉም፤ ሴቶቹ ናቸው። ያገባችውን ካላገባችው በጌጧ የሚለዩበት አገር አለ። ልጅቷ ይህን የተማረችው ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ ነው። እናትየዋን ግን ማንም «መምህርት» ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

ለምን ቢባል፣ የእጅ ሥራን ስንንቅ ስለኖርን። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንሰድብ ኖረን ነገሩ እስከ ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ መቶ ዓመት አለፈው። ንቀቱ ግን ከአዋጁ ጋር አብሮ አልሄደም።

አሁን የሚያሳስበን ይሄ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት መግባቷ ግድ ነው፤ ማንም ከእናትሽ ጎን ቅሪ ሊላት አይገባም። ትምህርት ቤቱ ግን እናቷ የምታውቀውን አያስተምራትም። በሥልጠናው ቦታ ደግሞ ክርና መርፌ ተሰጥቶ፣ ከመጽሔት የተቀዳ ቅርጽ ታይቶ፣ በሳምንት ሰርተፍኬት ቢታደል እጅ ይፍታታ ይሆናል፤ ያ ቀይ ከዚያ ነጭ ቀጥሎ ለምን እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ግን አይኖርም። አንድ ትውልድ ሳይጠይቅ ካለፈ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ጨሌ እናስተምር የምትሉ ወዳጆቻችን፣ ከመርፌውና ከክሩ በፊት አስተማሪዋን ፈልጉ። ምናልባት ፊደል አልቆጠረች ይሆናል። ቢሆንም ከሰሌዳው ፊት ወንበር ስጧት፣ የመምህር ደሞዝ ክፈሏት፣ ተማሪዎቹም «እትዬ» ብለው ስሟን ይጥሩ። ቬኒስ ሰኪዎቿን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ነበር። እኛ እነሱን ክፍል ውስጥ ብናስገባቸው ምን ይጎድልብናል?