የጠብታ ዕድሜ፤ በቪየሊችካ የጨው ማዕድን የተደረገ የውሃ ምርመራ

በፖላንድ፣ በክራኮው አጠገብ ያለችው ቪየሊችካ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለብዙ ዘመናት ጨው ሲቈፈርባት ነበር። ጨው በውሃ ስለሚሟሟ የማዕድኑ ዋና ጠላት ውሃ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ሚና በተባለው መተላለፊያ ውሃ ሰብሮ በገባ ጊዜ ከላይ ያለው መሬት እንኳ ሰምጧል።

ይሁን እንጂ የሚንጠባጠበው ሁሉ እኩል አያስፈራም፤ በድንጋይ ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ጥንታዊ ውሃ ፈስሶ ያልቃል፤ ከዝናብ የሚመጣው ግን አያቋርጥም። ሁለቱን በጨዋማነት ብቻ መለየት አይቻልም፤ የዝናቡም ውሃ በመንገዱ ጨው ይጠግባልና። ስለዚህ ሊቃውንት አይሶቶፖችን መረመሩ። የከባድ ኦክሲጅንና የከባድ ሃይድሮጅን መጠን ውሃው የዘነበበትን ዘመን የአየር ጠባይ ያመለክታል፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በቦምብ ሙከራ የተረጨው ትሪቲየም ከተገኘበት ደግሞ አዲስ ዝናብ ገብቶበታል።

እንግዲህ የጠብታን ዕድሜ መመርመር ከተማይቱን መጠበቅ ነው።