የቀድሞ ፊልም ማሳያ መሣሪያዎችን ምንጭ ለይቶ ስለማወቅ

ከጎንደር ተነሥቶ፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ተከዜ የሚወርደው አውራ ጎዳና በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። የጎንደር ከተማ ሲኒማ ቤትም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ፊልም ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዚያ ቀድሞ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ሕዝቡ በአዲስ አበባ የተከፈተውን ቀደምት ሲኒማ «ሰይጣን ቤት» ማለቱ የታወቀ ነው። በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አቧራ ለብሰው የሚገኙ ፕሮጀክተሮች የዚህ ታሪክ ቅሪት ስለሆኑ፣ በአሮጌ ብረት ስም ከመወገዳቸው በፊት ምንጫቸው ሊመረመር ይገባል።

መርማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የፋብሪካውን ስም ነው። ስም ግን ያሳስታል፤ ሌንስም ሆነ ሽፋን በጥገና ጊዜ ከሌላ መሣሪያ ሊዛወር ይችላልና። ይልቅስ ፊልሙ የሚያልፍበት መስመር ይለካ። ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአብዛኛው የሲኒማ ቤት መሣሪያ ነው። 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1923 ይህን ስፋት ካወጣ ወዲህ የተሠራ፣ በመኪና ተጭኖ ወደ ገጠር ለመሄድ የሚመች ነው። የመዘውሩ ጥርሶች በሁለቱም ጠርዝ ካሉ ድምፅ ለሌለው ፊልም፣ በአንድ ወገን ብቻ ካሉ ድምፅ ላለው ፊልም የታሰበ ነው፤ የድምፁ መሥመር ባዶውን ጠርዝ ይይዛልና። ብርቅ የሆነው የፈረንሳዩ ፓቴ 9.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ይህ ፊልም የሚበሳው በመካከሉ ነው።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ይነበብ። የቺካጎው ቤል ኤንድ ሃውል ለአሜሪካ ገበያ የሠራቸው 110 ቮልት ገደማ የሚፈልጉ ስለሆኑ፣ በእኛ 220 ቮልት የሚሠሩት በትራንስፎርመር ነው። ስለዚህ በአጠገቡ የተገኘ ከባድ የብረት ሣጥን ምስክር ነውና አይጣል። በሩስያ ፊደል «ኡክራይና» የሚል ጽሕፈት ያለበት የኦዴሳ ፋብሪካ ሥራ ነው።

ከመሣሪያው ጋር አሮጌ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ከተገኘ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ብዙው የሚሠራው ከናይትሬት ነበር፤ ከተቀጣጠለ በውኃ ውስጥም ይነዳል። የሚሸት ወይም የተጣበቀ ጥቅል በመሣሪያው ላይ አይዙር፤ ከተማሪዎች ርቆ በቀዝቃዛና አየር በሚገባበት ስፍራ ይቀመጥ።