የገበሬው አያት እንዴት ይገኛል?

የነገሥታቱ ትውልድ በዜና መዋዕል ሲጻፍ፣ የገበሬው ትውልድ የተጠበቀው በአንደበት ነው። ይኸውም ለዘመድ ፍቅር ብቻ አልነበረም። በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ የርስት መብት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስረዳት ስለ ነበረ፣ ትውልድ መቁጠር የመሬት ማስረጃ ነበር። ጋብቻም እስከ ሰባት ቤት የተከለከለ በመሆኑ፣ ሽማግሌው ሳይቆጥር ልጁን አይድርም።

ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወርድ ነበርና፣ በዚህ ቆጠራ የሴት አያቶች ስም አይጠፋም። ዛሬ ስማችን ከአባትና ከአያት ስም ጋር ብቻ ሲጻፍ የቤተሰቡ እኩሌታ ከወረቀት መቅረቱን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ቆጠራው የተከራካሪ ቃል ነው። ከሳሽ የሚጠቅመውን አያት ያስገባል፤ የሚጎዳውን ይዘላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ባላጋራው ሊክደው ሲችል ያልካደው ስም ነው።

ዘመኑ ግን ከሌላ መፈለግ አለበት። አንድ አያት «ከክፉ ቀን በፊት አግብቶ በኅዳር በሽታ ሞተ» ከተባለ፣ ከ1880 ዓ.ም. አስቀድሞ ትዳር ይዞ በ1911 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ነው። እንግዲህ ከብት ያለቀበትን፣ በሬ ያጣ ገበሬ በዶማ የቆፈረበትን ዘመን በጎልማሳነቱ አይቷል፤ የዓድዋን ክተትም በ1888 ዓ.ም. ሰምቷል። ከሁለት ቃል ይህን ያህል ሕይወት ይወጣል። በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይም የመሬት ሽያጭና ስጦታ ከነምስክሮቹ ተመዝግቦ ይገኛል። ነገር ግን በሽማግሌ አፍ በዓለም ስሙ የሚጠራው ሰው ለጸሎት ሲጻፍ በክርስትና ስሙ ስለሚጠራ፣ ሁለቱን ሳያስታርቁ አንዱን አያት ሁለት ሰው ማድረግ ቀላል ነው።

ርስት ያልነበረውስ? ጢሰኛው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ባሪያ ሆኖ የኖረው በችሎት የሚያስቆጥረው የመሬት ክርክር አልነበረውምና የአያቶቹ ስም ቶሎ ጠፋ። የቃል ታሪካችንን ስናደንቅ ይህን ጉድለት መሸፈን አይገባም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ክርክር አበቃ። ለአራሹ ታላቅ ለውጥ ነበር፤ ለማስታወስ ያስገድድ የነበረው ምክንያት ግን አብሮ ቀረ። የጽሑፍ መዝገብም ወዲያው አልተተካም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ሞት መዝገብ ቢደነግግም፣ በቁጥር 3361 አፈጻጸሙን ለሌላ ጊዜ አቆይቶት ነበር፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት 41 ዓመታት ያረፈ ገበሬ ብዙ ጊዜ በአፍም በመዝገብም አይገኝም።

በ1967 ዓ.ም. የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ የነበረ ተከራካሪ ዛሬ ሰባ አምስቱን አልፏል። ሊጠይቀው የሚሄድ ሰው «አያትህ ማን ነበሩ?» ከማለት አስቀድሞ «ስለ የትኛው መሬት፣ ከማን ጋር ተሟገታችሁ?» ቢለው ስሞቹ በተራቸው ይመጣሉ።