ደም የማይደርስበት ቦታ፦ ማይክሮዌቭ ጨረርና የሰው አካል

አለን ፍሬይ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ አንድ የራዳር ቴክኒሻን ራዳሩ በጆሮው እንደሚሰማው ሲነግረው ነገሩን ችላ አላለም። እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1962 ባሳተማቸው ጽሑፎች (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማይክሮዌቭ በአጫጭር ምት ተቆራርጦ ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ ሰው የጠቅታ ወይም የእዝታ ድምፅ እንደሚሰማ አሳየ። በአካባቢው ድምፅ የሚያወጣ ነገር የለም። አማካይ ኃይሉ እጅግ አነስተኛ ስለነበር፣ ይህ ግኝት ማይክሮዌቭ ከማሞቅ ያለፈ ሥራ በአካል ውስጥ እንደሚሠራ ማስረጃ ሆኖ ለዓመታት ተጠቀሰ።

እንቆቅልሹን የፈታው ውሃ ነው። ውሃ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳለ ጥቂት ቢሞቅ አይሰፋም። ፎስተርና ፊንች በ1974 ባሳተሙት ሙከራ የማይክሮዌቭ ምት ውሃ ላይ ሲያሳርፉ የግፊት ሞገድ ተፈጠረ፤ ውሃው 4 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግን ሞገዱ ጠፋ። ስለዚህ ድምፁን የሚፈጥረው በሙቀት ምክንያት የሚከሰት መስፋት ነው። የጭንቅላት ሕዋሳት በአንድ ምት የሚሞቁት በአንድ ዲግሪ አምስት ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሙቀቱ በማይክሮሰከንዶች ውስጥ ስለሚመጣ ድንገተኛው መስፋት ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም እስከ ውስጠኛው ጆሮ ይዘልቃል።

ከዚህ ታሪክ የጀመርኩት «ማይክሮዌቭ ያሞቃል ወይስ ሌላ ነገርም ያደርጋል?» የሚለው የቆየ ክርክር ዋናውን ጥያቄ የሚሸፍን ስለሚመስለኝ ነው። ሙቀት ራሱ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። በምን ፍጥነት መጣ? የት አረፈ? ከዚያስ ማን ያነሳዋል? የአካል ጉዳት የሚወሰነው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

በአማርኛ «ጨረር» የሚለው ቃል ለፀሐይም፣ ለኤክስሬይም፣ ለአቶሚክ ቦምብም ማገልገሉ ፍርሃቱን ያባባሰ ይመስለኛል። ማይክሮዌቭ የሚባለው ድግግሞሹ ከ300 ሜጋኸርትዝ እስከ 300 ጊጋኸርትዝ ያለው ሞገድ ነው፤ የወጥ ቤቱ ምድጃ በ2.45 ጊጋኸርትዝ ይሠራል። የዚህ ሞገድ አንዱ ፎቶን የሚይዘው ጉልበት ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት መቶ ሺኛ ያህል ነው። ኤሌክትሮንን ከሞለኪውል ለመንጠቅ ግን አሥር ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። በመካከሉ የሚሊዮን እጥፍ ልዩነት ስላለ፣ ማይክሮዌቭ እንደ ኤክስሬይ ዲኤንኤን በቀጥታ ሊሰብር አይችልም። የሚችለው የውሃ ሞለኪውሎችን ወዲያና ወዲህ ማዟዟርና አዮኖችን ማንቀሳቀስ ነው፤ ያ እንቅስቃሴም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በምድጃው ድግግሞሽ ሞገዱ ጡንቻ ውስጥ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል እንደገባ አብዛኛው ኃይሉ ተውጦ ያልቃል።

የገባውን ሙቀት የሚያነሳው ደም ነው። ያረፈ ሰው አካል ራሱ በኪሎግራም ከአንድ ዋት በላይ ሙቀት ያመነጫል፤ ደም ይህን ወደ ቆዳ እያጓጓዘ ሚዛኑን ይጠብቃል። የዓይን ሌንስ ግን አንድም የደም ሥር የለውም፤ ግልጽ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፈውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ጥንቸሎች ዓይናቸው ላይ በካሬ ሴንቲሜትር ከ100 ሚሊዋት በላይ ለረጅም ጊዜ ሲያርፍና የሌንሱ ሙቀት ከ41 ዲግሪ ሲያልፍ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ይይዛቸዋል። ለንጽጽር፣ አሜሪካ ከምድጃ እንዲያፈተልክ የምትፈቅደው ከላዩ በ5 ሴንቲሜትር ርቀት 5 ሚሊዋት ነው። የወንድ የዘር ፍሬም ከአካል ውጭ የተንጠለጠለው ቅዝቃዜ ስለሚሻ ነው፤ ሲሞቅ የሚያመርተው የዘር ፈሳሽ ሕዋስ ይቀንሳል።

የዛሬው የጥንቃቄ ወሰን የተነሳው ከእንስሳት ባሕርይ ነው። አካላቸው በኪሎግራም 4 ዋት ያህል ሲውጥ ሙቀታቸው ወደ አንድ ዲግሪ ይጨምራል፤ የለመዱትን ሥራም ያቆማሉ። ይህ ቁጥር ለሠራተኛ በ10፣ ለሕዝብ በ50 ተካፍሎ 0.4 እና 0.08 ዋት ሆነ። ስሌቱ ጥንቁቅ ነው፤ ቢሆንም የመላ አካል አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ስለ ሌንስ ምንም አይናገርም። ለጭንቅላት ለብቻው 2 ዋት ተብሎ በ10 ግራም ሥጋ የሚለካ ወሰን የወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ቁምነገር ይህ ነው።

የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ጥያቄውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ሶቪየት ኅብረት ለሙሉ የሥራ ቀን 10 ማይክሮዋት በካሬ ሴንቲሜትር ስትፈቅድ፣ አሜሪካ የምትጠቀምበት ወሰን 10 ሚሊዋት፣ ማለትም ሺህ እጥፍ ነበር። ከ1953 እስከ 1976 ሞስኮ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ ማይክሮዌቭ ይለቀቅበት ነበር፤ መጠኑ ከ20 ማይክሮዋት አላለፈም። ሠራተኞቹ በይፋ የተነገራቸው በ1976 ብቻ ነው፤ ይህ ዝምታ በራሱ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። የጆንስ ሆፕኪንሱ አብርሃም ሊሊየንፌልድ በ1978 ባቀረበው ጥናት 1,827 የሞስኮ ሠራተኞችን በሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ ኤምባሲዎች ከሠሩ 2,561 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። በጨረሩ የመጣ ነው የሚባል አሳማኝ ጉዳት አላገኘም።

ስለ ካንሰር ያለው መረጃ ከዚህ ይበልጥ ያከራክራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 ይህን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው 2ቢ ምድብ አስገባው። ምድቡ የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይለካም። ይህን ሳያብራሩ ምድቡን ብቻ የሚጠቅሱ ዘገባዎች ሰውን ያለ ምክንያት ያስጨንቃሉ።

ዛሬ ሐኪሞች ይህንኑ ሙቀት አስበው ይጠቀሙበታል። በጉበት ዕጢ ውስጥ ቀጭን አንቴና ያስገቡና በ915 ሜጋኸርትዝ ወይም በ2.45 ጊጋኸርትዝ ለደቂቃዎች ያሞቁታል፤ ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ ሕዋስ ወዲያው ይሞታል። ሥራውን የሚያከብድባቸው ዕጢው ከትልቅ የደም ሥር አጠገብ ሲሆን ነው። የሚፈሰው ደም ሙቀቱን እየወሰደ ያንን ጠርዝ ያቀዘቅዘዋል፤ የካንሰር ሕዋሳትም በደም ሥሩ ዳር ተርፈው ይቀራሉ።