ክፍት ሶፍትዌር፣ ዝግ ማሽን

የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1994 በደቡብ አፍሪካ ከተጀመረው የጤና መረጃ ሥርዓት መርሐ ግብር ጋር ስሙ የተቆራኘ ነው። ከዚያ የተወለደው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር ምንጭ ኮዱ ክፍት በመሆኑ የፈለገ አገር ያለ ፈቃድ ክፍያ ወስዶ እንደሚስማማው ያበጀዋል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም የየጤና ተቋሙን ሪፖርት የሚሰበስበው በዚሁ ነው። ይሁንና ወደዚህ ክፍት ቋት ከሚገባው ቁጥር ከፊሉ የሚመነጨው ከዝግ የላቦራቶሪ ማሽን ነው። ማሽኖቹ ከቋቱ ጋር እንዳይነጋገሩ ያደረጋቸው በዋናነት የሽያጭ ስሌት እንጂ የቴክኒክ እጥረት አይደለም።

ጂን ኤክስፐርት የተባለውን የምርመራ ማሽን እንመልከት። አክታው ሪኤጀንት ከተባለው የምርመራ ኬሚካል ጋር ተደባልቆ ካርትሪጁ ውስጥ ይጨመራል፤ ማሽኑም ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱን ይለያል። ግሩም ፈጠራ ነው፤ ነገር ግን ከአምራቹ ከሴፊድ ካርትሪጅ በቀር ሌላ አይቀበልም። ስለዚህ ማሽኑን የገዛ አገር የነገውንም ገበያ አብሮ አስረክቧል። የካርትሪጁ ዋጋ በ2012 በለጋሾች ክፍያ ከ16.86 ወደ 9.98 ዶላር ወርዶ እዚያው ዓመታት ቆየ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ5 ዶላር ሊሸጥ ይችላል ብለው ከተሟገቱ በኋላ፣ የሴፊድ ባለቤት ዳናኸር በ2023 ወደ 7.97 አወረደው። ዋጋውን ያወረደው ተፎካካሪ ካርትሪጅ ሳይሆን የለጋሾች ገንዘብና ግፊት ነው።

ያለ ትርፍ ማን ይፈለስፋል የሚለው ሙግት ተገቢ ነው፤ ግን ይህ ፈጠራ የሕዝብ ገንዘብም ፈሶበታል። ባዕድ ሪኤጀንት ውጤት ያበላሻል የሚለውም እውነትነት አለው። ሆኖም ውጤቱ ከማሽኑ በምን ቅርጽ እንደሚወጣ ከሪኤጀንት ጥራት ጋር ምን አገናኘው? ኤችኤል7 የተባለው የመረጃ መለዋወጫ ደረጃ ከ1987 ጀምሮ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ሙግት ግን ክፍት ሶፍትዌርም የሚኖረው በኖርዌይና በሌሎች ለጋሾች ገንዘብ ነው የሚለው ነው። አይካድም፤ ልዩነቱ ያ ወጪ አንዴ ከወጣ በኋላ ሥራው የሁሉም መሆኑ ነው፤ የካርትሪጁ ግን በየታማሚው ይደገማል።

አቅራቢው ማሽኑን በነፃ አስቀምጦ ትርፉን ከሪኤጀንት የሚለቅምበት ውል ለድሃ አገር መነሻ ካፒታል ስለሚቆጥብ በጅምላ የሚወገዝ አይደለም። ገዢው ግን ውሉን ከመፈረሙ በፊት የሪኤጀንቱን ዋጋ እስከ ማሽኑ ዕድሜ ማስወሰን፣ የጥገና መመሪያውንና የይለፍ ቃሉን ለሆስፒታሉ ባዮሜዲካል ባለሙያ ማስረከብን ማስገደድ፣ ውጤቱም በክፍት ደረጃ እንዲወጣ መጠየቅ ይችላል። ከፊርማ በኋላ ይህን ልጠይቅ ቢል የሚሰማው አያገኝም።